ጡትሽን ሲያምሽ የትኛው መድኃኒት? ከጡት ማስያዣ እስከ ታሞክሲፈን

ጡቷን አሟት የማታውቅ ሴት ማግኘት ከባድ ነው። ከ10 ሴቶች 7 ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይህ ህመም ያጋጥማቸዋል። ግን አይወራም። ራስ ምታት ቢሆን "ራሴን አመመኝ" ብሎ ለጓደኛ መንገር ቀላል ነው፤ ጡት ሲሆን ግን ዝም ይባላል።

ስለማይወራ ደግሞ ሁለት ነገር ይፈጠራል። አንዷ "ካንሰር ነው በቃ" ብላ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። ሌላዋ ፋርማሲ ገብታ "የህመም ኪኒን ስጡኝ" ትልና ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ የተሰጣትን ትውጣለች።

ዋናውን ነገር ቀድመን እንንገራችሁ። አብዛኛው የጡት ህመም ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ደግሞ ከባድ መድኃኒት አይፈልግም። ከባዶቹ መድኃኒቶች አሉ፣ ይሠራሉም፣ ግን የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ስለዚህ ሕክምናው እንደ ደረጃ ነው፤ ከታች ተጀምሮ፣ ካልበቃ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል።

ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ዓይነት ህመም ነው?

መድኃኒቱ የሚመረጠው በህመሙ ዓይነት ነው። ሦስት ናቸው።

1. ከፔሬድ ጋር የሚመላለስ
በጣም የተለመደው ይህ ነው። የወር አበባ ሊመጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይጀምራል፣ ደሙ ሲመጣ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጡት ነው የሚያመው። ይከብዳል፣ ይወጠራል፣ ሲነካ ያማል፤ አንዳንዴ ወደ ብብትና ወደ ክንድ ይዘልቃል። ምክንያቱ በየወሩ ከፍና ዝቅ የሚሉት ሆርሞኖች ናቸው።

2. ከፔሬድ ጋር የማይገናኝ
ቀን አይጠብቅም። ብዙ ጊዜ አንድ ጡት ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ የድሮ ምት፣ ኢንፌክሽን፣ እርግዝና ወይም የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

3. ከጡት የመጣ የሚመስል፣ ግን ያልሆነ
ከጡት ሥር ያለው የደረት ጡንቻ ወይም የጎድን አጥንት መጋጠሚያ ሲቆጣ ህመሙ "ጡቴ ነው" ያሰኛል። ጀሪካን መሸከም፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ማጠብ፣ ጂም ላይ ክብደት ማንሳት፣ የሰነበተ ሳል ያመጡታል። ቀላል ሙከራ አለው። በጎንሽ ተኚና ጡቱ ወደ ጎን ሲወርድ ከሥሩ ያለውን የጎድን አጥንት በጣትሽ ጫን በይው። ያው የምታውቂው ህመም ከመጣ፣ ችግሩ ከጡቱ ሳይሆን ከደረትሽ ሊሆን ይችላል።

ስልክሽ እዚህ ጋ ይጠቅማል

መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት ስልክሽ ላይ ካላንደሩን ወይም ኖትፓዱን ክፈቺ። በየቀኑ አንድ መስመር ጻፊ፦ ዛሬ ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? የትኛው ጡት? ፔሬድ ላይ ነኝ? ምን ኪኒን ወሰድኩ?

ይህን ሁለት ሦስት ወር ብታደርጊው ህመሙ ከወር አበባ ጋር ይሄድ እንደሆነና እንዳልሆነ ራስሽ ታይዋለሽ። ሐኪም ጋ ስትሄጂም "አንዳንዴ ያመኛል" ከማለት ስልክሽን ማሳየት ይሻላል። ከበድ ያለ መድኃኒት ይታዘዝ ወይስ አይታዘዝ የሚለውን ለመወሰን ሐኪሞች የሚጠይቁት ይህንኑ መረጃ ነው። ግን ልብ በይ፦ ከታች የምንዘረዝራቸው የአደጋ ምልክቶች ካሉ ሁለት ወር መጠበቅ የለም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ደረጃ 1፦ ያለ መድኃኒት

ይህን ክፍል ዘልለሽ ወደ ኪኒኑ ልትሄጂ ስትይ ቆም በይ። በፈረንጆቹ 2000 የታተመ አንድ ጥናት 200 ጡታቸውን የሚያማቸው ሴቶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ዳናዞል የሚባል ጠንካራ የሆርሞን መድኃኒት ወሰዱ። ግማሾቹ ደግሞ ደህና አድርጎ የሚይዝ የስፖርት ጡት ማስያዣ አደረጉ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 58 በመቶው ተሻላቸው። ጡት ማስያዣውን ካደረጉት ግን 85 በመቶው!

አንድ ጥናት ብቻውን ሁሉንም ነገር አይወስንም። ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልክሽ ያልሆነ ጡት ማስያዣ ለብሰሽ ኪኒን መዋጥ መጀመሪያ መደረግ ያለበትን መዝለል ነው።

👉 ጡት ማስያዣሽ ከሥር የሚዞረው ቀበቶ ሳይጨንቅሽ የሚይዝ፣ ትከሻሽን የማይቆርጥ፣ ጡትሽ ከላይም ከጎንም የማይተርፍበት ይሁን። ስትሮጪ፣ ጂም ስትሠሪ የስፖርቱን አድርጊ። ህመሙ ሲብስ ለስላሳውን አድርጎ መተኛትም ይረዳል።
👉 ለብ ያለ ፎጣ ወይም ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ብዙዎችን ያሳርፋል። የቱ እንደሚስማማሽ ሞክረሽ ምረጪ።
👉 ተመርምሮ "ካንሰር አይደለም" መባል ራሱ መድኃኒት ነው። ብራዚል ውስጥ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ከተመረመሩና በደንብ ከተነገራቸው ሴቶች 70 በመቶ ያህሉ ሌላ ነገር ሳይጨመር ተሽሏቸዋል። ጭንቀት ህመምን ያባብሳል፣ ጭንቀቱ ሲወርድ ህመሙም ይወርዳል።

ቡናስ? "ቡና ተዪ" የሚል ምክር ሰምተሽ ይሆናል። ቡና ማቆም የጡት ህመምን እንደሚያድን በደንብ ያረጋገጠ ጥናት የለም። ለአንድ ወር ቀንሰሽ ብታዪው ጉዳት የለውም፤ ለውጥ ከሌለ ግን ስኒሽን መልሺ።

ደረጃ 2፦ የተለመዱት ማስታገሻዎች

የሚቀባ ዲክሎፌናክ
ብዙ ሰው ለወገብና ለጉልበት ብቻ ይመስለዋል። ግን የሚቀባ ዲክሎፌናክ በጡት ህመም ላይ ተሞክሮ ምንም መድኃኒት ከሌለው ቅባት በግልጽ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከፔሬድ ጋር ለሚመላለሰውም ለማይመላለሰውም። ጥቅሙ መድኃኒቱ የሚያመው ቦታ ላይ መዋሉና ወደ ደም የሚገባው ትንሽ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጨጓራን እንደ ኪኒኑ አያስቸግርም። ንጹሕና ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ስስ አድርጎ መቀባት ነው፣ የጡት ጫፍን መተው። ቀብተሽ በላዩ ላይ የሚሞቅ ነገር አታድርጊ። የምታጠቢ ከሆነ ልጁ እንዳይልሰው ጡትሽ ላይ አትቀቢው።

ፓራሲታሞል
ለአብዛኛው ሰው በጣም አስተማማኙ ነው። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። የጉበት ችግር ካለ ወይም መጠጥ ከተዘወተረ ከዚህም ያነሰ ነው የሚፈቀደው፤ ጠይቂ።

አረብ አገርና አሜሪካ ላላችሁ እህቶች፦ "ፓናዶል" የሚሉትም "ታይሌኖል" የሚሉትም ያው ፓራሲታሞል ነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም አለ። ሁለቱን ደርባችሁ ስትወስዱ ሳታውቁት መጠኑን እጥፍ እያደረጋችሁት ነው።

አይቡፕሮፌን
እብጠትና ውጥረት ሲኖር ከፓራሲታሞል የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰደው። ፔሬድሽ ሊመጣ ሲል ለጥቂት ቀን ብቻ መውሰድ ይበቃሻል፤ ወሩን ሙሉ መዋጥ አያስፈልግም። ጨጓራ የሚያምሽ፣ የኩላሊት ችግር ያለብሽ፣ ማስታገሻ ስትወስጂ አስም የሚነሳብሽ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ አይቡፕሮፌንንና የሚዋጠውን ዲክሎፌናክ በራስሽ አትጀምሪ። ሁለቱን ባንድ ላይ መውሰድ ደግሞ ህመሙን አይደለም፣ የጨጓራ ቁስሉን ነው የሚጨምረው።

ቆይ፣ ህመሙን ያመጣው ራሱ መድኃኒት ቢሆንስ?

ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኪኒን ከመጨመርሽ በፊት የምትወስጂውን ቁጠሪ።

👉 የወሊድ መከላከያ። በአገራችን በብዛት የሚወሰደው መርፌው ነው። መርፌውም፣ ኪኒኑም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ሆርሞን ስላላቸው ጡትን ሊያሳምሙ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይብሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ዘዴውን መቀየር ይቻላል። ግን በራስሽ ድንገት አቁመሽ ያልታሰበ እርግዝና እንዳይመጣ፣ አማክረሽ ቀይሪ።
👉 ፖስትፒል። ከወሰድሽ በኋላ ጡትሽ ለጥቂት ቀን ቢያምሽ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። ፔሬድሽ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ግን የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ የጡት ህመም የእርግዝናም የመጀመሪያ ምልክት ነውና።
👉 አንዳንድ የድብርትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለልብና ለግፊት የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን። እነዚህንም በራስ ማቆም አደገኛ ነው። ለሐኪምሽ "ከጀመርኩ ወዲህ ጡቴን ያመኛል" ማለት ይበቃል።
👉 "ጡት የሚያሳድግ" ተብሎ ኦንላይን የሚሸጥ ክሬምና ኪኒን። ውስጡ ምን እንዳለ በግልጽ ያልተጻፈበትን ነገር ጡትሽ ላይ አታድርጊ።

ደረጃ 3፦ ከባዶቹ፣ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ

እዚህ የሚደረሰው ህመሙ ለወራት ቆይቶ፣ ሥራና እንቅልፍ ከልክሎ፣ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ተሞክረው ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። ጥቂት ሴቶች ብቻ ናቸው እዚህ የሚደርሱት።

ታሞክሲፈን
ሐኪም ይህን ቢያዝልሽና ጎግል ብታደርጊው "የጡት ካንሰር መድኃኒት" ይልሻል። አትደንግጪ። መድኃኒቱ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ጡት ላይ የሚሠራውን ሥራ ይከለክላል፤ ለካንሰርም ለህመምም የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። ለካንሰር ብዙውን ጊዜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለዓመታት ይሰጣል፤ ለጡት ህመም ግን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ለ3 ወር፣ ቢበዛ ለ6 ወር ነው። ለዚህ አገልግሎት በይፋ የተመዘገበ ባይሆንም ሐኪሞች በጥናት ላይ ተመሥርተው ያዙታል።

ጣጣው፦ ድንገተኛ የሰውነት መሞቅና ላብ፣ የፔሬድ መዛባት፣ ፈሳሽ። አልፎ አልፎ እግርና ሳንባ ላይ ደም መርጋት፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር። ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት አትወስደውም። ጽንስን ስለሚጎዳ እርጉዝ መሆን የለባትም፤ እየወሰደችም፣ ካቆመች በኋላም ሐኪሟ እስከሚነግራት ድረስ ሆርሞን በሌለው መከላከያ፣ ለምሳሌ በኮንዶም ወይም በመዳብ ሉፕ መጠቀም አለባት።

ዳናዞል
አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ የጡት ህመም በይፋ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ይሠራል። ነገር ግን የወንድ ሆርሞን ጠባይ አለው፦ ብጉር፣ የክብደት መጨመር፣ ፊት ላይ ፀጉር፣ የፔሬድ መጥፋት፣ የድምፅ መጎርነን። ድምፁ ከጎረነነ ደግሞ መድኃኒቱ ቆሞም ላይመለስ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ሴት ጽንስ ላይ የወንድነት ምልክት ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለእርጉዝም ለምታጠባም ክልክል ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱን ለመቀነስ አንዳንድ ሐኪሞች ፔሬድ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ እንዲወሰድ ያዛሉ።

ብሮሞክሪፕቲን
ፕሮላክቲን የሚባለውን ወተት የሚያመጣ ሆርሞን ይቀንሳል። ድሮ በሰፊው ይታዘዝ ነበር። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ሲነሱ ማዞርና የግፊት መውረድ ስላስቸገረ ዛሬ ለጡት ህመም ብቻ ብሎ የሚያዘው ሐኪም ጥቂት ነው።

የትኛው ይሻላል? በፈረንጆቹ 2007 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ሦስቱም ህመሙን እንደሚቀንሱ፣ ከሦስቱ ግን ታሞክሲፈን የጎንዮሽ ጉዳቱ አነስተኛ እንደሆነ ደምድሟል። ሦስቱም ሲቆሙ ህመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ይህን አውቆ መጀመር ጥሩ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ቤት ውስጥ በካንሰር የታከመች እናት ወይም አክስት ካለች፣ ከእሷ የተረፈውን ታሞክሲፈን "ለጡት ነው ተብሏል" ብለሽ አትውሰጂ። የእሷ መጠን ሌላ፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው።

ገንዘብ የሚበሉ ግን ብዙም የማይጠቅሙ

👉 ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ የሚባለው የአበባ ዘይት ኪኒን። ኦንላይን "ለጡት ህመም" ተብሎ በብዛት ይሸጣል። ያው የ2007ቱ ትንተና ጥቅም አላገኘበትም። እንግሊዝ ውስጥ ድሮ በመድኃኒትነት ተፈቅዶ ነበር፤ በ2002 ግን ጥቅሙ አልተረጋገጠም ተብሎ ፈቃዱ ተነጥቋል።
👉 ቫይታሚን ኢ። ማስረጃው ደካማ ነው።
👉 ሽንት የሚያሸና ኪኒን። "ውሃ ስለያዘ ነው ያበጠው" ተብሎ ይታዘዝ ነበር፤ አይሠራም።
👉 አንቲባዮቲክ። ትኩሳት፣ መቅላት፣ መግል ከሌለ የጡት ህመምን አያድንም። አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ጀርሙን ማላመድ ብቻ ነው።
👉 ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ። ቆዳን ያቃጥላል፤ አታድርጉት።

ለምታጠባ እናት ነገሩ ይለያል

ጡቱ አንድ ጎን ከቀላ፣ ከጠነከረ፣ ካቃጠለና ብርድ ብርድ ካለሽ ይህ የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። "ወተቱ ተበላሽቷል፣ አታጥቢ" የሚሉሽን አትስሚ። ማጥባት ቀጥዪ፣ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም፤ ድንገት ማቆም ነው የሚያባብሰው። ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ያዢበት። ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም እያጠቡ መውሰድ ይቻላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልቀለለ ወይም ትኩሳቱ ከፍ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ ለጡት ኢንፌክሽን የሚሆን አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ሲሻልሽ ሳታቋርጪ መጨረስ አለብሽ። መግል ከቋጠረ ደግሞ ኪኒን ብቻውን አይበቃም፣ በሐኪም መውጣት አለበት።

ማስታገሻ ሳይሆን ሐኪም የሚያስፈልግሽ መቼ ነው?

👉 ጡት ወይም ብብት ውስጥ እብጠት ካገኘሽ፣ ቢያምም ባያምም
👉 ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ ከገባ ወይም ከተሸበሸበ
👉 የጡት ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከቆሰለ ወይም ደም ካወጣ
👉 ህመሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀ
👉 መቅላትና ትኩሳት ካለ
👉 እናትሽ ወይም እህትሽ የጡት ካንሰር ይዟቸው ከሆነ
👉 ህመሙ ደረትን ጨምድዶ ይዞ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ሄዶ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ካመጣ፤ ይሄ የልብ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው

ሐኪሙ በእጁ ይመረምርሻል፣ እንደ ዕድሜሽና እንዳገኘው ነገር አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም ያዛል። ለወጣት ሴት ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ነው የሚቀድመው። ካፈርሽ ሴት ሐኪም እንድታይሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። መድኃኒት ከታዘዘልሽ አራት ነገር ጠይቂ፦ ስሙ ምንድን ነው? ለስንት ጊዜ ነው የምወስደው? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ባረግዝስ?

በመጨረሻ፣ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ሂጂ

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሕክምና የሚደርሱት ዘግይተው ነው። አንዱ ምክንያት ምን መሰለሽ? "አላመመኝም እኮ!" የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። እብጠቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በተቃራኒው ደግሞ እብጠት ሳይኖር ህመም ብቻ ይዟቸው ከተመረመሩ 100 ሴቶች በ97ቱና ከዚያም በላይ በሚሆኑት ካንሰር አይገኝም።

ስለዚህ የሚያመውን ጡት አትፍሪው፤ ደረጃውን ጠብቀሽ አክሚው። የማያመውን እብጠት ግን አትናቂው። ማስታገሻ ለህመም ነው፤ ለማያም እብጠት መፍትሔው ምርመራ ነው፣ እሱም ቶሎ።

ለእህታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለእናታችሁ ሼር አድርጉላት። ወንዶችም አትለፉት፤ "ኪኒን ግዛልኝ" የምትላችሁ እህት ወይም ሚስት አለቻችሁ።